ውርጭ ያልነካው ባና

ምንተስኖት በመንዝ መሐል ሜዳ ከተማ፣ በባና ሠሪዎች ማኅበር ግቢ ውስጥ በተከራያት ክፍል ሞቶ ተገኘ። የከሰል ምድጃው አጠገቡ ነበር፣ መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባናቸውን፣ ያንን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ለውጭ ገበያ የሚገዛው የአዲስ አበባ ኩባንያ ወኪል ነበር። ሐኪሙ የከሰል ጭስ ገደለው አለ። ሰዉም «ከተሜ ምን ያውቃል» ብሎ ሬሳው ገና ሳይገነዝ ነገሩን ዘጋው።

በማለዳ የደረሰችው ኢንስፔክተር ዘነበች ግን መስኮቱ አላስቀምጥ አላት። እንዲህ በተከፈተ መስኮት ከሰል ሰው አይገድልም። ከውጭ፣ የመስኮቱ መዝጊያዎች ላይ የሱፍ ብጣሽ ተጣብቋል። ከሥሩ ያለው አፈር ረጥቧል፤ ወሩ ደግሞ ዝናብ የሌለበት ታኅሣሥ ነው። ዞር ብላ፣ ሱፉ እንዲጠብቅ ትናንት በውሃ ተረግጠው ገመድ ላይ የተሰጡትን አራት ባናዎች አንድ በአንድ ዳሰሰች።

ከሰሉን የሸጠው ሙሐመድያሲን ፈርቷል። ከቆላ የመጣ ነጋዴ በደጋ ሬሳ ሲገኝ ማን ቀድሞ እንደሚጠረጠር ያውቃል። ሟቹ ምክሩን ሰምቶ ሁልጊዜ መስኮቱን ከፍቶ እንደሚተኛ ነገራት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ይመኙሻል ከለቅሶዋ በቀር የሰጠችው ቃል የለም። አንጋፋው ባና ሠሪ ጋሼ ኃይለ ኢየሱስ ግን አልቆጠቡም። ኩባንያው ባናውን በርካሽ ክር በፋብሪካ ሊያሠራ፣ ከመንዝ ስሙን ብቻ ሊወስድ ነው አሏት፤ የፋብሪካውን ናሙና ምንተስኖት ጠረጴዛ ላይ በዓይናቸው አይተዋል። የገበያ ስልት የሚሉት ይህን ነው፤ አሳቢው ሌላ፣ ተራቢው ሌላ።

ዘነበች ሦስቱንም ገመዱ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ስደርስ ሦስቱ ባናዎች በውርጭ እንደ ሳንቃ ደርቀው ነበር። አራተኛው ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ገመድ ላይ አላደረም። አንድ ፊቱ ከሰል ከሰል ይሸታል። እርጥብ ባና አየር አያሳልፍም። ማታ መዝጊያዎቹ ላይ ተሰቅሎ መስኮቱን ደፈነ፣ የክፍሉ ሙቀትም ከውርጭ ጠበቀው። ንጋት ላይ ወደ ገመዱ ተመለሰ።»

ባናው ሁለት ቀይ መስመር አለው። በግቢው እንዲያ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ነው።»

ኃይለ ኢየሱስ አልካዱም። «አሥራ ሁለት ቤት በዚህ ሥራ ያድራል። እሱ ከሞተ ነገሩ ይቀራል ብዬ ነው» አሉ።

ዘነበች የሟቹን ስልክ አውጥታ ለአለቆቹ የጻፈውን አነበበችላቸው። «ናሙናውን አልቀበልም። የእጅ ሥራው ከቀረ እኔም እለቃለሁ። እስከ ሰኞ መልስ እጠብቃለሁ።»

ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። «ታዲያ ምነው ለእኛ ሳይነግረን?»

«ለእኔ ነግሮኝ ነበር፣ ጋሼ» አለች ይመኙሻል። «ካልተሳካ በከንቱ ተስፋ እሰጣችኋለሁ ብዬ ደበቅኋችሁ።»

ሰኞ የኩባንያው መልስ ለማኅበሩ ደረሰ። ኩባንያው ሐዘኑን ገልጾ፣ ናሙናውን የሚቃወም ሌላ ሰው ስላልተገኘ ሥራው ወደ ፋብሪካ መዛወሩን ያስታውቃል።