ሁለተኛው ባልዲ

«መኪናውን የት አቆምሽው?»

«ከአጥሩ ውጭ።»

«ከአጥሩ ውጭ? ታዲያ ፈረሱን አዝለሽው ልትወጪ ነው?»

መርማሪዋ ዞር ብላ አሮጌ መኪናዋን አየቻት። ሁለት ሰው ከተሳፈረባት የምታቃስት ሚስኪን ናት። «እዚያች ውስጥ እንኳን ፈረስ፣ የኔም ጉልበት በልመና ነው የሚገባው» አለች።

«ደግሞ ብቻሽን ነው የላኩሽ? እኔ እኮ የፈረሱን ሬሳ የሚጭን አራት ጎረምሳ ብያለሁ! እስከ ስድስት ሰዓት መነሳት አለበት።»

«እኔ የመጣሁት ስለ ሌላኛው ሟች ነው፣ እትዬ። ከፖሊስ ነኝ።»

የጋጣው ባለቤት ደነገጡ። ትልቁም ትንሹም «እትዬ» የሚላቸው፣ ሠላሳ ዓመት በነርስነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ሲሞቱ ስምንት ፈረስ የወረሱ ሴት ናቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ፤ አንቺው በአንድ ትንፋሽ እርስዎ ሆነ። «ልጄን ነው ያጣሁት። አእምሮዬ የት እንዳለ አላውቅም።»

ልጄ ያሉት የእህታቸውን ልጅ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አሳድገው ጋላቢ ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ ሰውነቱ ከመቅለሉ የተነሳ «ላባው» ይሉታል። በዚያን ዕለት ጠዋት ልምምድ ላይ ሳለ ዳማው ፈረስ ይዞት ወደቀ፤ የላባው አንገት ተሰበረ። ሬሳው ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። የዳማውም የፊት እግር ስለተሰበረ የእንስሳት ሐኪሙ በመርፌ አሳርፎታል፤ ሜዳው ላይ ሸራ ለብሶ ተጋድሟል። የኮርቻው የሆድ ጠፍር ተቆርጦ ተገኝቷል። ኮርቻውን የጫኑት ደግሞ የጋጣው ጠባቂ ናቸው።

እናም ጠባቂው፣ ጋሽ ብሩሽ፣ ጋጣው ደጃፍ ላይ ባዶ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንድ ፖሊስ ካቴናውን በጣቱ እያሽከረከረ ቆሟል።

«ጠፍሩን ትናንት ቅባት ቀብቼዋለሁ፤ ዛሬ ጠዋትም ጎትቼ አይቼዋለሁ» አሉ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠፍር ሳላይ ፈረስ አስወጥቼ አላውቅም። በስተርጅና ገዳይ ተብዬ እስር ቤት ልግባ?»

«ከላባው ጋር ትጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ! ላብ ያራሰውን ሸሚዙን ልጓም መስቀያዬ ላይ እየሰቀለ። በእሱ የሚገደል ቢሆን ሚስቴ ስንት ጊዜ በገደለችኝ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። «ግልቢያ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

መርማሪዋ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «ስለ ዳማው ይንገሩኝ እስቲ፣ አባባ። እኔ ፈረስ የማውቀው በሩቁ ነው፤ በሩቁ ቢቀርም አይከፋኝም።»

«እትዬ ከሁሉ አብልጠው ይወዱታል። ከስምንቱ ፈረስ ሁለት ባልዲ ውሃ የተሰቀለለት እሱ ብቻ ነው። አዲሱ የጋጣ በር የተገጠመ ዕለት ነው፣ ሁለት ወር ይሆነዋል፤ ‹እንዳይጠማው ሁለተኛ ባልዲ ስቀልለት› አሉኝ። በዚያ ዝናብ! ሳቅኩ። ሳምንት ሳይሞላው ግን መጠጣት ጀመረልሽ። ሽንቱማ አያባራም፤ ጉዝጓዙን በቀን ሁለቴ መቀየር ሆነ ሥራዬ። የፈረስ ነገር ለእሳቸው አስቀድሞ ይገለጥላቸዋል።»

አሰልጣኙ ዘንድሮ የተቀጠረ፣ ሹክ ሲል እንኳ ጎረቤት የሚሰማው ሰው ነው። ዛሬ ግን መርማሪዋ እሱን ለመስማት መጠጋት ነበረባት።

«የፊት እግሩ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ልክ እንደ ደረቅ እንጨት። ፈረሱ በአፍንጫው ተተከለ። ላባው በአንገቱ ላይ አልፎ ተወረወረ።»

«ኮርቻውስ?»

«ፈረሱ ላይ ነው የቀረው። እኔና ጋሽ ብሩሽ ወደ ልጁ ሮጥን። እትዬ ፈረሱ እንዳይራገጥ ራሱን ይዘው ቀሩ። ብርቱ ሴት ናቸው።»

«ፈረሱ ያነክስ ነበር?»

«አምና ነበር አሉ። እኔ ካየሁት ወዲህ እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው። ላባው ግን ‹ጀርባው እየሰረጎደ ነው፣ ራጅ ይነሳልኝ› ይል ነበር። እኔ...» ጫማውን አየ። «እኔ አትልፈስፈስ አልኩት።»

መርማሪዋ ሐኪሙን ይዛ ወደ ሜዳው ወጣች። ወጣት ነው፤ እጁን ታጥቦ ታጥቦ ያልጠራለት ይመስል በመሐረብ ይጠርጋል። ሸራውን ሲገልጥላት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የሞተም ቢሆን ፈረስ ፈረስ ነው። ከዚያ ግን ራሷን ታዝባ ተጠጋች። ሆዱ ወርዷል፣ የጀርባው አጥንት ተቆጥሮ ያልቃል። ሆዱ ላይ ላብ የደረቀበት ነጭ መስመር አለ። በጣቷ ተከተለችው።

«ዶክተር፣ ፈረስ ምን ሲሆን ነው እንዲህ ውሃ ውሃ የሚለው?»

ሐኪሙ መሐረቡን አጠፈ። «ኩላሊቱ ሲታመም ይሆናል። ኮርቲዞን ሲወጋም ይሆናል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሆርሞን ነው። እብጠትና ሕመም ያጠፋል። ለጥቂት ቀን ሲሰጥ ግሩም መድኃኒት ነው። ሲረዝም ግን ጡንቻ ያሟሟል፣ አጥንቱንም ከውስጥ ያሳሳዋል። የከፋው ነገር፣ ፈረሱ አያመውም። እግሩ እየተሰነጠቀ ይጋልባል።»

«ለዳማው ሰጥተኸው ታውቃለህ?»

«አምና፣ አሥር ቀን ብቻ! ከዚያ ወዲህ እኔ አልወጋሁትም።» የፈረሱን አንገት ሲዳብስ ግን ጣቶቹ ቆሙ። ከፀጉሩ ሥር ብዙ ትንንሽ የመርፌ ጠባሳ ነበር።

«ደሙን ውሰድልኝ» አለችው። «አጥንቱንም ልየው።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም ኮርቻ በሚሰቀልበት ክፍል ተሰበሰቡ። ጋሽ ብሩሽ ባልዲያቸውን ይዘው ገብተው እዚያው ላይ ተቀመጡ። ውጭ መኪና ጡሩምባ ነፋ።

«መኪናው መጣ» አሉ እትዬ ብድግ ብለው።

«ይጠብቅ» አለች መርማሪዋ። ጠፍሩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። «ይህ ቀድሞ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ኮርቻው ከላባው ጋር ይንሸራተት ነበር። ግን የወደቀው ፈረሱ ነው፤ ኮርቻው ላዩ ላይ ቀርቷል። የላቡ መስመር ሆዱን ሳይቋረጥ ይዞራል፤ ጠፍሩ እስከ መጨረሻው አጥብቆ ይዟል ማለት ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ እዩት፤ ላብ አልነካውም። ደግሞም ደረጃ ደረጃ ሠርቷል። ቢላ በአንድ ስበት ይቆርጣል፤ እንዲህ የሚያኝከው ትንሽ መቀስ ነው። ስለዚህ ጠፍሩ የተቆረጠው ከአደጋው በኋላ ነው።»

ጋሽ ብሩሽ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ፖሊሱ ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰ።

ሐኪሙ የተቆረጠ አጥንት አስቀመጠ። ግድግዳው ሳስቷል፤ የቆየ ስንጥቅም ይታያል።

«ይህን ያየ አናጢ ምሰሶ አያደርገውም» አለች መርማሪዋ። «ማነው የወጋው? አሰልጣኙን አሰብኩ። ዶክተርንም አሰብኩ፤ ግን እሱ ቢሆን ኖሮ ኮርቲዞንን አፉን ሞልቶ አይጠራልኝም ነበር። እኔን ያልለቀቀኝ ባልዲው ነው።»

«የቱ ባልዲ?» አለ አሰልጣኙ።

«ፈረስ ሲጠማ ነው ውሃ የሚጨመርለት። ለዳማው ግን መጀመሪያ ባልዲው ተሰቀለ፤ ጥማቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም በዝናብ። እንደሚጠማው አስቀድሞ ያወቀ ሰው አለ። ዶክተር፣ አምና መድኃኒቱን ስትሰጥ ወረቀት ጽፈሃል?»

«ጽፌያለሁ። ‹ብዙ ይጠጣል፤ ሁለተኛ ባልዲ ይሰቀልለት። ከአሥር ቀን እንዳያልፍ።›»

«ለማን ሰጠኸው?»

ሐኪሙ እትዬን አየ።

መኪናው እንደገና ጡሩምባ ነፋ። እትዬ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና አንዲት ትንሽ የነርስ መቀስ አውጥተው ከአጥንቱ አጠገብ አኖሯት።

«ባለቤቴ በእጁ ያዋለደው ፈረስ ነው» አሉ። «አንዴ ብቻ ሲያሸንፍ ማየት ፈለግሁ። ውድድሩ እኮ የፊታችን እሁድ ነበር።»

«ላባው ራጅ ይነሳ ብሎ አልለመነዎትም?»

«ለምኖኛል። ከእሁድ በኋላ አልኩት።»

«ሁሉም ወደ ልጁ ሲሮጥ እርስዎ ፈረሱ ዘንድ ቀሩ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «መቀስዎን ይዘው።»

«ልጁማ እንዳለቀለት ከሩቅ አይቻለሁ። ነርስ ነኝ እኮ።» መቀሷን በጣታቸው ገፋ አደረጓት። «ጠፍሩ ተቆርጦ ከተገኘ አጥንቱን ማንም አያይም ብዬ ነው። ብሩሽ ደግሞ ሽማግሌ ነው፤ ማን ይጨክንበታል አልኩ።»

ፖሊሱ ክንዳቸውን ያዘ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ዞሩ።

«ዳማውን አንድም ቀን አላስጠማሁትም» አሉ። «ብሩሽ፣ ሰባቱን አደራ። ውሃቸውን እንዳትረሳ።»

ጋሽ ብሩሽ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፤ የተቀመጡበትንም ባልዲ አቀኑ።

«እሺ፣ እትዬ» አሉ። «ለያንዳንዳቸው አንድ፣ አንድ።»