ማይክራፎኑ ሥር የተቀመጠው ጫማ

ገድሉ መኪናው መሪ ላይ እንደ ተደፋ ቀረ። ጣና ጉሙን ለቆ ከዘንዘልማ ማዶ ያለውን ሜዳ ሁሉ በሸፈነበት ጠዋት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ስታርፍ ክንፏ የመኪናውን ጣሪያ ገንጥሎ ጣለው። ሟቹ የደንገል በረራ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። አውሮፕላን ከማረፉ በፊት ማኮብኮቢያውን እየዞረ ከብት የሚያባርር፣ ድንጋይ የሚለቅም እሱ ነው።

ኢንስፔክተር ወንጌላዊት ስትደርስ የመቆጣጠሪያ ማማው ኃላፊ አቶ ሀብተ ሥላሴ ምርመራውን ጨርሰው ጠበቋት። አንዳንድ ሰው ጥያቄው ሳይመጣ መልሱን ያድላል።

«አትድከሚ፤ ነገሩ ግልጽ ነው» አሏት ከረባታቸውን እያስተካከሉ። «ተቆጣጣሪዋ ኑሰይባ የጉሙን ሁኔታ ልታይ ስትወርድ ወንበሩን ለእኔ ለቀቀች። ሜዳው ነጻ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ነጻ ነው አለችኝ። አውሮፕላኑን አሳረፍሁ። ረስታ ሰው አስፈጀች፤ በቃ፣ ይዘሻት ሂጂ።»

«የድምፅ መቅረጫው ምን ይላል?»

«ከክረምት ጀምሮ ተበላሽቷል። ግን አይዞሽ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ወንጌላዊት ተረት የሚያበዛ ተጠርጣሪ ትወዳለች፤ ሥራ ያቀልላታል።

ኑሰይባ ማማው ደረጃ ሥር ተቀምጣ ነበር፣ አጠገቧ ፖሊስ ቆሞ። ፍርዱ በእሷ ላይ ከዞረ እስር ቤት መውረዷ ነው፤ ገድሉን ያስገደለች ተብላ ዕድሜ ልኳን መጠራቷ ደግሞ ከእስሩ ይብሳል።

«ገድሉ ሜዳ ላይ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» አለች። «ባልነግራቸውስ? ጫማው ነበረ እኮ።»

«የምን ጫማ?»

«አምና በጉም ሁለት አውሮፕላኖች ለጥቂት ከመላተም ተረፉ። ማይክራፎኑን የያዙት አቶ ሀብተ ሥላሴ ነበሩ። ጥፋቱን በጉሙ አላክከው እሳቸው ተመሰገኑ። ገድሉ ግን ከዚያ ወዲህ የሰው ቃል አላምንም አለ። ሜዳው ላይ ሊገባ ሲል እዚህ ማማው ላይ ይወጣና ጫማውን አውልቆ ማይክራፎኑ ሥር ያስቀምጣል፤ እሱ ቦቲ አጥልቆ ይሄዳል። ሲመለስ ራሱ ነው የሚያነሳው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። መስጊድ ደጃፍ ጫማ ካለ ባለቤቱ ውስጥ ነው አይደል? እናንተም ቤተ ክርስቲያን እንደዚያው ናችሁ።»

«ዛሬም አስቀመጠ?»

«አስቀመጠ። በዓይኔ አየሁ፣ ወረድሁ።»

«ጫማው የተገኘው ግን መኪናው ውስጥ ነው» አለ አጠገቧ የቆመው ፖሊስ።

«ማማው ላይ ነው ትቼው የወረድሁት!» አለች ኑሰይባ።

ወንጌላዊት ወደ ሜዳው ሄደች። ሬሳው ሐኪም እስኪመጣ ገና አልተነሳም። የፊት መስታወቱ እንደ ጨው ረግፎ ወንበሩንም፣ የሟቹን ትከሻም፣ ወለሉንም ሞልቶታል። ጫማዎቹ ከሟቹ በስተቀኝ፣ ከባዶው ወንበር ፊት ተደርድረዋል። አንስታ መዳፏ ላይ አራገፈቻቸው፤ ደረቅ ጭቃ ብቻ ወረደ። ቀጥላ የነበሩበትን ቦታ አጎንብሳ አየችና ጫማዎቹን ይዛ ተመለሰች።

አብራሪው ሙአዊያ ክንዱን ታስሮ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«እረፍ ያለህ ማን ነው?»

«አቶ ሀብተ ሥላሴ። ደግሞ እግዜር ይስጣቸው፣ እኔ ከአውሮፕላኑ እስክወርድ በዚያ ጉም ብቻቸውን ሮጠው ቀድመውኝ ደርሰዋል። ካፖርታቸውን እንደ ደረቡ በቀኝ መስኮት እጃቸውን አስገብተው ነበር፤ የልብ ትርታውን ሊያዩ መሰለኝ።»

«ገድሉ በግራ ተቀምጦ?»

ሙአዊያ ወደ መኪናው ዞሮ አየ።

ጉሙ ሲገለጥ ሁሉንም ማማው ላይ ሰበሰበቻቸው። ምንም ሳትናገር የገድሉን ጭቃማ ጫማ ከማይክራፎኑ ሥር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይህን ቆሻሻ ከዚህ አንሺ» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ። እሷን መጠበቅ አልሆነላቸውም፤ በሁለት ጣት ማሰሪያውን ይዘው ጠረጴዛው ሥር ወረወሩትና እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ጠዋትም እንዲህ ነው ያደረጉት» አለች ወንጌላዊት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሲገጭ ጫማው መኪናው ውስጥ ቢሆን ኖሮ መስታወቱ ይሞላበት ነበር። አንዲት ስባሪ የለበትም፤ ስባሪው ያለው ከሥሩ ነው። መስታወቱ ከረገፈ በኋላ የገባ ጫማ ነው። ቀድመው ብቻዎን የደረሱት እርስዎ ነዎት፣ በካፖርት። የሹፌር ልብ በባዶው ወንበር በኩል አይዳሰስም። ጫማው እዚህ ከተገኘ ገድሉ ምልክቱን ትቶ መሄዱ ይታወቃል፤ ስለዚህ ካፖርትዎ ሥር ደብቀው ተሸክመውት ሮጡ። ኑሰይባማ ነግራዎታለች፤ ከእርስዎ በታች ያለ ሰው ሲናገር መስማት ልማድዎ አይደለም። ጫማውን ደግሞ ከዓይንዎ አራቁት፤ ከዓይን ሲርቅ ረሱት፤ አውሮፕላኑን አሳረፉት። መርሳትዎስ ይሁን፤ የእርስዎን ጥፋት በሞተ ሰውና በዚህች ልጅ ላይ መጫንዎ ግን መርሳት አይባልም። እኔ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ፤ ለጠረጴዛ ንጽሕና ሰው ያስገደለ ግን የመጀመሪያዬ ነዎት።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ፊታቸው ቀላ።

«ታዲያ» አሉ፣ እንደ ተበደለ ሰው ዙሪያውን እያዩ፣ «የጭቃ ጫማ የቢሮ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል?»

ከደረጃው ሥር የነበረው ፖሊስ ወጥቶ ክንዳቸውን ያዘ፤ ሲወርዱ ካፖርታቸውን የሚያቀብላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር።

ኑሰይባ ጎንበስ ብላ ጫማዎቹን ከጠረጴዛው ሥር አወጣች፤ ጭቃቸውን ሳትነካ ማይክራፎኑ ሥር መለሰቻቸው። ያኔ ሬዲዮው ጮኸ። ወሬውን ያልሰማ አንድ አብራሪ ከሐሙሲት ሰማይ ላይ ሆኖ ለማረፍ ፈቃድ ጠየቀ። ወንጌላዊት ወንበሩን ሳበችላት።

«አታርፍም» አለች ኑሰይባ ማይክራፎኑን ተጭና። «ሜዳው ላይ ሰው አለ። ጫማው እዚህ ነው።»