የቱቫና የወለላ ሰማያዊ ወፍ

ኑ፣ ጠጋ በሉ፤ ብርድ ልብሱን እስከ እግራችሁ ሳቡት። የዛሬው ወሬ ትንሽ ይመራል፤ ግን ይዋጣል።

ስዊድን በሚባል አገር ቱቫ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

በዚያ አገር ክረምት ፀሐይ ቶሎ ትገባለች። ሰዉም የቤቱን ውስጥ ነጭ ይቀባና መስኮቱ ላይ አንድ የሚያምር የብርጭቆ ጌጥ ያስቀምጣል፤ ትንሿን ብርሃን እንዲይዝለት ብሎ እኮ ነው።

የቱቫ አባት ያንን ጌጥ በእጁ ይሠራል። የቀለጠውን ብርጭቆ በረጅም ቱቦ ጫፍ ከእሳት አውጥቶ ይነፋዋል።

«ፉ… ፉ…» እስቲ አብራችሁኝ ንፉ። «ፉ… ፉ…»

ቱቫ ጎረቤቷ ወለላን በጣም ትወዳታለች። የወለላ እናትና አባት ከኛ አገር የሄዱ ናቸው። ልጆቹ በአንድ የበረዶ መንሸራተቻ ለሁለት ይቀመጣሉ፤ ሲወድቁም አብረው ነው።

ነገ ጠዋት ግን ወለላ ወደ ሩቅ ከተማ ልትሄድ ነው፤ ለመኖር።

«አባዬ፣ ለወለላ ወፍ ሥራላት» አለች ቱቫ።

አባቷ ነፋ። «ፉ… ፉ…» ሰማያዊ ወፍ ወጣች። አባቷ እጇን ይዞላት፣ የወፏን ጭራ በመቆንጠጫ የሳበችው ቱቫ ናት።

«አሁኑኑ ልውሰድላት?»

«አይሆንም፣ የኔ ልጅ። ትኩስ ብርጭቆ ድንገት ብርድ ሲነካው ይሰነጠቃል። ሙቀቱ ቀስ እያለ በሚበርድ ምድጃ ውስጥ እስከ ነገ ትቆይ። ቀስ ብላ ትብረድ፣ ቀስ ብላ።»

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። «ኳ! ኳ!» ወለላ ናት።

«ትልቅ በረዶ ሊወርድ ነው አሉ። ነገ መባሉ ቀረ፤ አሁን ልንሄድ ነው» አለችና ወደ መኪናው ሮጠች።

የቱቫ አባት ከቤቱ ጀርባ በረዶ ይጠርጋል። ቱቫ የሱን ወፍራም ጓንት አጠለቀችና የምድጃውን በር ከፈተች። «ሲጢጥ!»

እናንተ እንዳታደርጉት፤ ምድጃ ልጅ አይነካውም።

ወፏን በሻርፕ ጠቅልላ ሮጠች። በረዶው ከእግሯ ሥር «ኩርሽም፣ ኩርሽም» ይላል።

«የኔ ናት?» አለች ወለላ፤ ከነጓንቷ ተቀበለቻት።

«ያንቺ ናት።»

«ቀጭ!»

ወፏ ወለላ እጅ ላይ ለሁለት ተከፈለች።

«አልጨበጥኳትም፣ ቱቫ። እንዲህ ብቻ ነው የያዝኳት።» የወለላ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

ቱቫ ታውቃለች። ወፏ ሳትበርድ ያወጣቻት እሷ ናት። ታውቃለች፣ ግን አፏ አልከፈት አላት።

«ነይ እናቴ፣ መንገዱ ሳይዘጋ» አለች የወለላ እናት።

ወለላ ጭራ ያለበትን ግማሽ ይዛ መኪናው ውስጥ ገባች፤ ራስ ያለበት ግማሽ ቱቫ እጅ ላይ ቀረ። መኪናው ሄደ።

«አንቺ አይደለሽም» አለች ቱቫ፤ ማን ይስማት።

እራት ላይ ሁሉንም ለአባቷ ነገረችው።

አባቷ አልተቆጣትም። ስልኩን ሰጣትና «ለኔ ምን ያደርግልኛል፤ ለሷ ንገሪያት» አላት።

«ወለላ፣ ወፏን አንቺ አልሰበርሻትም። ሳትበርድ ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

ወለላ በስልኩ መለሰችላት፦

«መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት። ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ» አለች ቱቫ።

ወለላ ስልኩን ዘጋች።

«ተቆጣችኝ፣ አባዬ።»

«ትቆጣ እንጂ፣ እውነቷን ነው።» አባቷ አልጋዋ ላይ አስተኝቶ ፀጉሯን ዳበሰ። «ነገም ደውዪላት። እሷም ቀስ ብላ ትብረድ፣ ቀስ ብላ።»

የወፏ ራስ ቱቫ መስኮት ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ ወደ መንገዱ።

ጭራዋስ? ጭራዋ ሩቅ ከተማ፣ ወለላ ካፖርት ኪስ ውስጥ ናት። ተቆጥታለች ወለላ፤ ግን አልጣለቻትም።

ይኸው፣ የያዝኩትን ሰጠኋችሁ። አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። ቀስ ብላችሁ፣ ቀስ።