የተገለበጠው ሠላሳ ስምንት

«ይኸ ነገር ቀዳዳው ከታች ነው» አሉ የቧንቧ ሠራተኛው ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ ከቤሩት የመጣውን የሻወር ውሃ መቀላቀያ ዕቃ እያገላበጡ። «ሻወር ደግሞ ውሃው ከላይ ነው የሚወርድ። ታዲያ በታች በኩል ማንን ሊያጠጣ ነው?»

ለተሥላሴ የሲሚንቶ ሽታው ገና ባልለቀቀው አዲስ መታጠቢያ ቤት በር ላይ፣ በአንድ እጇ የዕቃውን ወረቀት፣ በሌላው የአሥረኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ ቆማለች። ቆማለች ማለትም አይቻልም፤ ግድግዳው ነው የያዛት። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ውሃ አሙቃ፣ አባቷን አጥባና አልብሳ፣ ትምህርት ቤት ውላ መመለሷ ነው። እንዲህ ስታደርግ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

አባቷ አቶ ደግሰው በሰቆጣ የታወቁ ግንበኛ ነበሩ። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳሉ ግራ ጎናቸው ከዳቸው። አሁን በምርኩዝ ጥቂት እርምጃ ይሄዳሉ፤ ግራ እግራቸው ግን ሙቅም ይሁን ቀዝቃዛ አይለይም። ባንቺ የምትባለው እናቷ ማር ትነግዳለች፤ ጎሕ ሳይቀድ ነው የምትወጣው። ታላቅ እህቷ ምህረት ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እና ማጠቡ በማን ላይ ወደቀ? ማንም ቁጭ ብሎ አልመከረበትም። እንዲያው እሷ ላይ ቀረ።

ይህን ዕቃ ያስመረጠችውም እሷ ናት። ቤቱ ሲታደስ እናቷ የፈለገችው ከሱቅ የሚገኘውን፣ ቀይና ሰማያዊ ሁለት እጀታ ያለውን ነበር። ምህረት ግን በስልክ ሌላ ነገር ነገረቻቸው። «እኔ የማጥባቸው አሮጊት ቤት ያለው ሙቀቱን ራሱ የሚመጥን ነው። አንዱ እጀታ ውሃውን ይከፍታል፣ ሌላው ቁጥር አለው። ሠላሳ ስምንት ላይ ካቆማችሁት ከዚያ አያልፍም። ማንም አጠገባቸው መቆም የለበትም።»

«ሠላሳ ስምንት?» አለች ባንቺ ደንግጣ። «ኧረ ሠላሳ ስምንት ትኩሳት ነው! ዝቋላ ወረዳ ከጤና ጣቢያ ጋር የወባ ዘመቻ ስንሠራ፣ ሠላሳ ስምንት የሞላውን ሁሉ በቃሬዛ ነበር የምንሰድ። ሰውየውን በወባ ልታጥቡት ነው?»

የሰውነትና የውሃ ሙቀት ልዩነት ለባንቺ እስኪገባት ሁለት ቀን ፈጀ። ለተሥላሴ ግን «ማንም አጠገባቸው መቆም የለበትም» ከምትለዋ ቃል ወዲያ የሰማችው ነገር አልነበረም። «እሱን ላኪልን!» ብላ ሙጭጭ አለች።

ሁሉም ለአባቷ ያሰበች መሰላቸው። አስባለችም። በጥቅምት ወር አንድ ንጋት ላይ ሳፋው ውስጥ ውሃ ስታደባልቅ ዓይኗ ተከድኖ ነበር። ሁልጊዜ እጇን እስከ ክርኗ ነክራ ነው ሙቀቱን የምትለየው፤ ያን ቀን አልነከረችም። የአባቷ እግር ውሃው ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ቀላ፤ ወደ ማታ ውሃ ቋጠረ። እናቷ «አልሞከርሽውም እንዴ?» ስትላት «ሞክሬዋለሁ» አለች። ቁስሉ እስኪድን ታኅሣሥ ገባ። ለተሥላሴ በየቀኑ ፋሻውን ስትፈታ ያቺን «ሞክሬዋለሁ» የምትለዋን ቃል ትሰማት ነበር።

«ተማሪዋ! ተኛሽ እንዴ?» አሉ ጋሽ ወልደ ጻድቅ። «የዚህ ጎማ ቱቦው የታለ?»

«ቤሩት ቀረ። ሻንጣው ከብዶን ነው አሉ ያመጡት ሰዎች።»

«ይቅር። እኔ የብረት ቧንቧ አለኝ፤ ወደ ላይ አወጣውና የሻወሩን ራስ እሰካበታለሁ። ይኸን ግን ገልብጬ ነው የማስረው፣ ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲያይ። ወረቀቱ ምን ይላል? ቢገለበጥ ችግር አለው ይላል?»

ወረቀቱ ስትዘረጋው የአልጋ ልብስ አከለ። ሰባት ዓይነት ቋንቋ፣ ጉንዳን የሚያህል ፊደል፣ ቀስትና ቁጥር የሞላበት ሥዕል። እንግሊዝኛው በየት በኩል እንዳለ ፈልጋ ሳታገኘው ዓይኗ አለቀሰ፤ ከድካም ነው። አጠፈችው።

«ምንም አይልም» አለች።

ጋሽ ወልደ ጻድቅ ነጩን ቴፕ ጠምጥመው አሰሩት። ጎበዝ ሠራተኛ ናቸው፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሥራው ሲያልቅ እጀታው ላይ ያለው ሠላሳ ስምንት ቁልቁል ተዘቅዝቆ ታየ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ተገለበጠ እኮ።»

«ቁጥር ያጥባል እንዴ? አባትሽ የሚታጠቡት በውሃ ነው» አሉ፤ ሥራውን ልታይ የመጣችው ባንቺም ሳቀች፣ ለተሥላሴም ሳቀች። መብራት ስለጠፋ የውሃ ማሞቂያው ቦይለር አልሞቀም፤ ቀዝቃዛውን ብቻ ለቀው አዩት። እንደ ዝናብ ወረደ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ በነጋታው ለአንድ ወር ሥራ አምደወርቅ እንደሚሄዱ ነግረዋቸው፣ ተመርቀው ወጡ።

በነጋታው ቅዳሜ ነው። ሌሊት መብራት መጥቶ ቦይለሩ ሲሞቅ አድሯል። ባንቺ ማሯን ይዛ ገበያ ወጥታለች። አቶ ደግሰው በጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። እንደ ሙሽራ ቸኩለዋል።

«ዛሬ ማንም እንዳይገባ» አሉ። «በሩን ራሴ ነኝ የምዘጋው።»

ለተሥላሴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታጥባቸው አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚታጠቡት፤ ሳሙናው ፊታቸው ሳይደርስም ይጨፍናሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቃቸው አታውቅም።

ደግፋ ወስዳ ፕላስቲኩ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ከአጥር ውጭ የክፍል ጓደኛዋ አልጣሽ ትጮሃለች።

«ለተ! ነይ እንጂ አቦ! ቲቶሪያሉ ሊጀመር ነው፣ ቲቸር በር ይዘጋብናል!»

«መጣሁ!»

ደብተሯን አንሥታ ልትወጣ ስትል አባቷ «ሞክረሽዋል አይደል?» አሉ፣ እንዲያው ለወጉ ያህል።

«አዎ» የምትለዋ ቃል አፏ ላይ ተዘጋጅታ ነበር። ቀላል ቃል ናት፤ ለምዳታለች። አዎ ብትል በሩ ይዘጋል፣ እሷም ትሄዳለች፣ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ከአልጣሽ ጋር እየሳቀች ትሄዳለች። የአባቷን ግራ እግር አየችው። አውራ ጣቱ አጠገብ አዲሱ ቆዳ ገና ሮዝ ነው።

«አልሞከርኩትም» አለች።

አባቷን ከነወንበራቸው ወደ በሩ ሳበቻቸው፤ እጀታውን የተዘቀዘቀው ሠላሳ ስምንት ላይ አድርጋ ውሃውን ከፈተች። እጇን ዘረጋች። መጀመሪያ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ ለብ አለ፤ ደስ የሚል ሆነ። ልቧ ተመለሰ። ሙቀቱ ግን በዚያ አልቆመም። ሞቀ፤ አሁንም ሞቀ። ቁጥሩን ዝቅ አደረገችው፤ ይብሱን ፈላ። እጇን መንጭቃ አወጣችና በፎጣ ጨብጣ ዘጋችው። ክንዷ በርበሬ መስሏል።

«ምን ሆነ?» አሉ አባቷ።

ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ወረቀቱን ዘረጋችው። እንግሊዝኛው ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነበር። ከሱ በላይ ደግሞ ማንበብ የማያስፈልገው ሥዕል አለ፦ ዕቃው ተገልብጦ፣ በላዩ ላይ መምህር የተሳሳተ መልስ ላይ የሚያሰምረው ዓይነት ትልቅ ኤክስ። ሙቁ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ ነው መግባት ያለበት። ሲገለበጥ ጎኑ ይቀያየራል፤ ዕቃውም ቀዝቃዛውን ሙቅ እየመሰለው ይዘጋዋል፣ ሙቁን ቀዝቃዛ እየመሰለው ይጨምራል።

«ተገልብጦ ነው የታሰረው» አለች። «እንዳይገለበጥ ይላል። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ሲጠይቁኝ ሳላነበው ምንም አይልም አልኳቸው።» ምራቋን ዋጠች። «በጥቅምትም…»

«አውቃለሁ።»

ቀና አለች።

«የከዳኝ ጎኔ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም» አሉ አቶ ደግሰው። «እጅሽን አልነከርሽም። ቆመሽ ተኝተሽ ነበር። እናትሽ ስትጠይቀኝ ሞክራለች አልኳት።»

«ለምን?»

አባቷ ፎጣውን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አጠፉት። ደግመው ፈቱት።

«እውነቱን ብትሰማ ሌላ የሚያጥበኝ ትፈልግ ነበር። ወንድሞቼን ትጠራ ነበር። እኔ ደግሞ እነሱ እንዲህ ሆኜ እንዲያዩኝ አልፈለግሁም፤ ያንቺው ራሱ ይበቃኛል። ስለዚህ እንደ ደከመሽ እያየሁ ዝም አልኩ። የዋሸሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ልጄ።»

ለተሥላሴ ተናደደች። ወዲያው ደግሞ አሳዘኗት። ወረቀቱን አጥፋ ተነሣች።

«ለተ! ሄድኩልሽ!» አለች አልጣሽ ከውጭ።

«ሂጂ!»

አባቷን ወደ አልጋቸው መልሳ ወደ መናኸሪያ ሮጠች። ጋሽ ወልደ ጻድቅ የአምደወርቅ ሚኒባስ ውስጥ፣ የዕቃ ከረጢታቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። በመስኮቱ በኩል ነገረቻቸው፤ ለመተንፈስ እንኳ ሳታቆም።

«ወረቀቱ ይላል፣ ጋሼ። እንዳይገለበጥ ይላል። እርስዎ ጠይቀውኛል። እኔ ነኝ ሳላነብ የመለስኩልዎ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። «ሰው ልትገድዪብኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም «ቁጥሩ ተዘቅዝቋል ስትይኝ እኔስ መቀለዴ» አሉና ረዳቱን «ክፈትልኝ፣ እወርዳለሁ» አሉት።

ቤት ተመልሰው ዕቃውን ፈተው ቀጥ አድርገው መልሰው አሰሩት። ወደ ታች ለሚያየው ቀዳዳ የሚሆን ጎማ ቱቦ ግን ሰቆጣ የለም። ከወልድያ በሹፌር ማስመጣት ነው፤ ምናልባት ሁለት ሳምንት፣ ምናልባት ከዚያ በላይ። ቀዳዳውን ደፍነውት ሄዱ። ለተሥላሴ ሳፋውን አውርዳ፣ ውሃውን ደባልቃ፣ አባቷን አጠበቻቸው። ዛሬም ጨፍነው ነበር፤ ግን በመሃል አንድ ጊዜ ገልጠው አዩዋት።

ባንቺ እኩለ ቀን ላይ ባዶ እንስራዋን አዝላ ገባች። የተደፈነውን ቧንቧ አየች፤ ልጇን አየች።

«አልጣሽን መንገድ ላይ አገኘኋት። ለተ ቲቶሪያል አልመጣችም አለችኝ። ምነው? ዕቃው ተበላሸ እንዴ?»

ተበላሽቷል ማለት ይቻል ነበር። አቶ ደግሰው ከአልጋቸው ሆነው ለተሥላሴን ተመለከቱ፤ እሷን ቀድመው ግን አልተናገሩም።

ለተሥላሴ እንስራውን ከእናቷ ጀርባ ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው።

«እማየ፣ ደክሞኛል» አለች።

«እንግዲያ ጋደም በይ፤ ምሳውን እኔ አቀርባለሁ።»

«የዛሬ ድካም አይደለም።» በርጩማውን ጎትታ ለእናቷ አቀረበችላት። «ብቻየን አልቻልኩም። ተቀመጪ፣ በጥቅምት የአባየ እግር እንዴት እንደተቃጠለ ልንገርሽ።»

ባንቺ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።