ኮከቡን ያልረገጠ እግር

የመስታወት ሣጥኑ ተከፍቷል። ባንዲራው የለም።

ሳጅን ቬርና ቶሌፍሰን በግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንፃ፣ በአሮጌው ካፒቶል ጉልላት ሥር ቆማ ባዶውን ቀይ የከፋይ ጨርቅ አየች። በእርስ በርስ ጦርነቱ የገበሬ ልጆች ይዘውት ዘምተው፣ በጥይት ተበሳስቶ የተመለሰ ባንዲራ ነበር። በግዛቲቱ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሁሉ በአውቶቡስ መጥቶ ያየዋል። ቬርናም አይታዋለች። ዛሬም ተማሪዎች በር ላይ እየጠበቁ ነው።

መቆለፊያው አልተሰበረም። በቁልፍ ነው የተከፈተው።

ቁልፉ ያለው ሁለት ሰው ጋ ነው፤ ጎብኚ የሚያስተናግዱት ሽማግሌው ኦርቪል ስተንበርግ ጋ እና የቅርሶቹ ኃላፊ ሎሬታ ቪክ ጋ።

"ኦርቪል ናቸው" አለ የጥበቃው አዛዥ ሻምበል ሩበን ዴክስ። "ትናንት ያ ከምሥራቅ የመጣ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሲያባብላቸው ሎሬታ በጆሮዋ ሰምታለች። ቁልፉን ሰጡት፣ ወሰደ። አለቀ።"

"ነጋዴውስ?"

"ሆቴል ቁርሱን ሲበላ ያዝነው።"

"ሰርቆ ቁርስ?"

"ፓንኬካቸው ጥሩ ነው ይባላል።"

ኦርቪል አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ የነሐስ ባጃቸውን ከደረታቸው ነቅለው በመዳፋቸው ይዘዋል። ሻምበሉ ያስረክቡ ብሏቸዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚህ ቤት ሌላ ቤት የላቸውም።

"እርስዎ ነዎት?" አለቻቸው ቬርና።

"አራተኛ ክፍል ሆነሽ ይሄን ቤት ማን አሳየሽ?"

"እርስዎ።"

"ታዲያ ምኑን ትጠይቂኛለሽ?"

ቬርና ወደ ወለሉ ጎንበስ አለች። ማታ ሰም ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ሰው ሄዶበታል። ጫማውን አውልቆ በካልሲ ስለሄደ ዱካው የማን እንደሆነ አይለይም። አካሄዱ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሣጥኑ ተነስቶ ወደ መሃል መጥቷል። ከዚያ ታጥፏል።

ቀና አለች።

በወለሉ መሃል የግዛቲቱ ኮከብ በነጭ እብነ በረድ ተነጥፏል። ገመድ አልተሳበበትም፤ አትርገጡ የሚል ጽሑፍም የለም። የአገሩ ልጅ ግን አይረግጠውም። አገረ ገዢው ሳይቀር ዞሮት ነው የሚያልፈው።

"ነጋዴውን አምጡልኝ።"

ነጋዴው ኖላን ፍሪስ ባርኔጣውን እንዳደረገ ተጎትቶ መጣ። ቬርና ከኮከቡ ማዶ ቆማ "ወደ እኔ ይምጡ እስቲ" አለችው።

ቀጥ ብሎ መጣ። በኮከቡ ላይ። ኦርቪል ዐይናቸውን ጨፈኑ።

"ምን አጠፋሁ?" አለ ሰውዬው፣ ሁሉም ሲያፈጡበት።

"ኮከቡን ረገጡት።"

"የቱን ኮከብ?"

"ትናንትም ነግሬው ነበር" አሉ ኦርቪል። "ስልኩን ሲነካካ የት ይስማኝ።"

ቬርና ወደ ሻምበሉ ዞረች። "ሌባው በጨለማ፣ የሰረቀውን ታቅፎ፣ ልቡ እየደለቀ እንኳ ኮከቡን ዞሮታል። ይሄ ሰውዬ በጠራራ ብርሃን አላየውም።"

ሻምበሉ ዱካውን በዐይኑ ተከተለ። "የእኛው ሰው ነው በያ። ኦርቪልም የእኛው ናቸው።"

"ኦርቪል ያለ ከዘራ አንድ እርምጃ አይሄዱም። የከዘራው ምልክት የታለ?"

ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ ወለሉን ቃኘ።

"ሎሬታ" አለች ቬርና፣ ዓምዱን ተደግፋ ወደቆመችው ሴት ሳትዞር፣ "የጉልላቱን ደረጃ ቁልፍ ስጪኝ።"

"ለምን?"

"ኮከቡን ያልረገጠ ሰው ባንዲራውን ከዚህ ቤት አያስወጣውማ። ካንቺ ሌላ ሰው የማይገባበት ደግሞ እዚያ ብቻ ነው።"

የሎሬታ እጅ ኪሷ ገባ። እዚያው ቀረ።

ባንዲራው ከጉልላቱ ደረጃ ጫፍ ባለችው ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በነጭ ጥጥ ጨርቅ እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሎ ተገኘ።

"ምክር ቤቱ ለምሥራቁ ትልቅ ሙዚየም በውሰት ሊሰጠው ነው" አለች ሎሬታ። "ውሰት። ወስደው የመለሱት ምን አለ? እዚያ ከብዙ ባንዲራ አንዱ ነው። እዚህ ግን እኛ ነን።"

"ኦርቪልስ? ስማቸውን የጠራሽው አንቺ ነሽ።"

"በሳቸው ላይ ማን ይጨክናል ብዬ ነው።"

"አንቺ ጨከንሻ።"

ኦርቪል ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። "የምክር ቤቱ በር ክፍት ነበር ሎሬታ። ማንም ገበሬ ገብቶ የሚናገርበት ቤት ነው። አብረን ገብተን እንናገር ነበር። አሁን ብቻዬን እገባለሁ።"

ሻምበሉ ባጁን ደረታቸው ላይ ሰካላቸው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ ሚስተር ኦርቪል።"

"አጣመምከው። አራተኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርክ።"

ሎሬታ በሁለት ፖሊሶች መሃል ወጣች። ኮከቡ ጋ ሲደርሱ ማንም ሳይናገር ሦስቱም ዞሩት።

ነጋዴው የተለቀቀው ልጆቹ መግባት ሲጀምሩ ነበር። ወደ መውጫው ሲጣደፍ ከኮከቡ ጠርዝ ላይ ቆመ። ወደ ታች አየ። ባርኔጣውን አወለቀና ቀስ ብሎ ዞሮ አለፈ።

"ልጆች" አሉ ኦርቪል፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ "እዚህ ቤት እንደዚያ ሰውዬ ነው የሚኬደው።"