ሕመምዎ ከአስር ስንት ነው?

የምሠራው በአንድ ክሊኒክ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ነው። በኤሌክትሪክ የመግነጢስ መስክ የሚፈጥር፣ ትልቅ ቀለበት የመሰለ መሣሪያ አለን። ያልገጠመ አጥንት ወይም የሚያም ጉልበት በቀለበቱ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ይቆያል። ሁሉን ያድናል ብዬ አልዋሽም፤ አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም። ስለዚህ በየቀጠሮው እንጠይቃለን፤ ሕመምዎ ከአስር ስንት ነው? መልሱን ቅጽ ላይ እንጽፋለን።

በዚህች ጥያቄ ሰው መበደሌን ልንገራችሁ።

አንዲት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የቅልጥማቸው አጥንት ተሰብሮ አልገጥም ስላለ ሐኪሙ ወደ እኛ ላካቸው። ማክሰኞና አርብ ጠዋት፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፋሉ። መሣሪያው አጠገብ ስልክ ስለማይፈቀድ፣ "እንዳትሸጠው" እያሉ ስልካቸውን ይሰጡኛል። ሌላ ከተማ የምትኖር ልጃቸው በሕክምናው ቀን ትደውላለች። እግርሽ እንዴት ነው? አይዞሽ፣ ይሻልሻል፣ ቻው። ከዚህ አያልፍም።

እኔም ከእሷ አልሻልም ነበር። ስንት ነው እላለሁ፤ ሰባት ይላሉ፤ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ስለ አንዲት ሙሽራ ቀሚስ ማውራት ጀመሩ። ቀሚሱ አልቆ ሙሽራዋ ልትወስደው አልመጣችም ሲሉኝ፣ "መጣሁ እማማ" ብዬ ወደ ሌላ ታካሚ ሄድኩ። አልተመለስኩም።

ሦስት ወር ሙሉ ሰባት። ሐኪሙ ቅጾቹን አየ፤ በራጁ አጥንቱ የገጠመ ቢመስልም ሕመሙ አልቀነሰምና ከፍተን እንየው አለ። ቀዶ ጥገናው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። እሳቸው ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ።

ምርኩዙ ግን ግድግዳው ላይ ቀርቶ ነበር። ይዤ ሮጥኩ። ከበሩ ማዶ ቦዩን ተሻግረው፣ እንደ ጤነኛ ሰው ሲራመዱ አየኋቸው። ስጠራቸው ዞሩ፤ ምርኩዙን እጄ ላይ ሲያዩ ማነከስ ጀመሩ።

"አሁንማ ዘገዩ" አልኳቸው።

ሳቅ አሉና አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ሕመሙ ከተዋቸው ከወር በላይ እንደሆነው ነገሩኝ።

"እማማ፣ የዳነ እግር ላይ ቢላ ሊያርፍ እኮ ነው። ተራ የሚጠብቅ ሰውም አለ። ለምን ሰባት ይላሉ?"

"ሁለት ብል ማክሰኞ የት እሄዳለሁ?" አሉኝ። "እግሬ ከዳነ ማን ይጠይቀኛል?"

ለብቸኝነት ቀዶ ጥገና መድኃኒት አይሆንም አልኳቸው። እሱንስ አላጡትም።

"አንተ ግን ልጄ፣ ከቁጥር ሌላ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ምርኩዙን አቀበልኳቸው።

በማግስቱ ለሐኪሙ እውነቱን ነገሩት። ቆጣ ብሎ አዲስ ራጅ አስነሣ፤ ቀዶ ጥገናው ቀረ። ልጃቸውም እሰይ አለች፤ ከዚያም እንደፈሩት መደወሏን ተወች። ማክሰኞ በሰዓታቸው ሌላ ሰው ተኛ።

ወገኖቼ፣ የታመመን አካል ብቻ የምንጠይቅ ከሆነ፣ ሰው ጠያቂ ላለማጣት ሲል ሕመሙን ይዞ ይቀመጣል። መዋሸታቸው ልክ አልነበረም። እውነቱን በመናገር የሚያተርፉት ነገር እንዲያጡ ያደረግነው ግን እኛ ነን። እግሩን ስትጠይቁ ባለቤቱንም ጠይቁ፤ ከዳነ በኋላም ጠይቁ።

በዚያው ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ጠርዙ የተተረተረ ሱሪ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ወንበር ላይ ጨርቅ ተከምሯል፤ ሌላኛው የራሳቸው ነው። ጨርቁን አንሥቼ ተቀመጥኩ። ሱሪውን ገልብጠው አዩት፤ መርፌ ላይ ክር ሰኩ።

"እማማ፣ ያቺ ሙሽራ ግን ለምን ቀረች?" አልኳቸው።

መርፌውን አስቀመጡት።

"ይሄን ለመጠየቅ ይሄን ያህል ጊዜ?" አሉና ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።