ባለቤቱ ራሱ ይምጣ

«አንቺን አይጠራጠሩም። ገብተሽ ‹የኔ ነው› በያቸውና ይዘሽልኝ ነይ፤ በቃ» አለች ቃሪያ፣ ዓይኗን ከጥበቃው ክፍል ሳትነቅል።

ጓደኛዋ ሚጢ ከዛፉ ጀርባ አንገቷን አውጥታ ክፍሉን አየች። ከአምስት ደቂቃ በፊት ሁለቱም የመናፈሻው አሮጌ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቃሪያ አዲሱን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከእጅጌዋ ውስጥ እያወጣች ሳብ ታደርግና እንጆሪ እንጆሪ የሚሸተውን ጭስ ወደ ልጆቹ ሸርተቴ ትለቀዋለች። ሚጢ በሩ ላይ የተሰቀለውን «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ብታሳያት፣ «ውጭ እኮ ነን፤ ነፋስ ይወስደዋል። ደሞ ቬፕ ነው፤ አታካብጂ» አለቻት። የጥበቃው ኮቴ ሲሰማ ግን አግዳሚው ሥር ወርውራው ሁለቱም እግሬ አውጪኝ አሉ። ከዛፍ ጀርባ ሆነው ሲያዩ፣ ሽማግሌው ጥበቃ ጎንበስ ብለው አነሱትና ይዘውት ገቡ።

«እማዬን ያውቋታል። ምን እንደሆነ ከገባቸው አለቀልኝ» አለች ቃሪያ።

የሽማግሌውን እውነተኛ ስም ጠይቀው አያውቁም። ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጋሽ ሳጥን ናቸው። መናፈሻው ውስጥ የወደቀ ነገር ካገኙ፣ ብይም ይሁን የፀጉር ማስያዣ፣ በአንድ የጫማ ካርቶን ያኖሩታል። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ። እናትም ብትመጣ፣ ወንድምም ቢመጣ አይሰጡም።

ሚጢ ወደ ክፍሉ ስትራመድ ያ የድሮው ቀን ትዝ አላት። ሰባት ዓመታቸው ነበር። ቃሪያ ሰማያዊ ብይዋ ጠፍቶባት ስትነፋረቅ፣ ሚጢ ልታመጣላት ሮጣ ባዶ እጇን ተመለሰች። ያኔ ቃሪያ የጋሽ ሳጥንን ጢም እንደ ጅብ ትፈራው ነበር። ሚጢ እጇን ይዛት ገቡና፣ ያቺ ምላሰኛ ልጅ ትንኝ በምታህል ድምፅ «የኔ ነው» አለች። ከዚያ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ የሱሪያቸው መቀመጫ እስኪሳሳ ድረስ ተንሸራተቱ። ሚጢ ያ ቀን በጣም ናፈቃት። አሁን ያ ሸርተቴ ከወገቧ ብዙም አይበልጥም።

ጋሽ ሳጥን ቬፑን በእጅጌያቸው ይወለውላሉ። «ነይ እስቲ ሚጢዬ። እስክርቢቶ ነው ብዬ ነበር፣ ክዳኑ እንቢ አለኝ። ሽታው ደግሞ ልክ ከረሜላ» አሉና የክፍሉ ደረጃ ላይ ያለው ካርቶን ውስጥ ጣል አደረጉት።

ደረጃው ላይ አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ቁጢጥ ብላ የጠፋ አሻንጉሊቷን በካርቶኑ ውስጥ ትፈልጋለች። ቬፑን አነሳችው፣ አሸተተችው፣ ፈገግ ብላ ወደ አፏ አስጠጋችው። ሚጢ ቀልጠፍ ብላ ነጠቀቻት።

«ለካ ያንቺ ነው!» ሳቁ ጋሽ ሳጥን። «ታዲያ ‹የኔ ነው› በይና ውሰጂው። አንቺ ካልሽ አምናለሁ።»

አንዲት «አዎ» ብቻ ነበረች የቀረችው። ቃሪያ ትድናለች፤ ነገሩም ውሃ በላው ማለት ነው። ሚጢ አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ግን እንደዚያ የብይ ቀን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ የምትለውን ሁሉ ሊያምኑ ተዘጋጅተው ይጠብቋታል።

«የኔ አይደለም፣ ጋሼ» አለች። «እስክርቢቶም አይደለም፤ የሚጨስ ነገር ነው። ልጆች እጅ እንዳይገባ።»

ሳቃቸው ጠፋ። «የማን ነው?»

«ባለቤቱ ራሱ ይምጣ ብለውን የለ?»

ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ቬፑን ተቀብለው ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከባርኔጣቸው አጠገብ አኖሩት። «እንግዲህ እጠብቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

ቃሪያ ከዛፉ ሥር እጇን ዘርግታ ጠበቀቻት። «አመጣሽው?»

«መደርደሪያው ላይ ነው። ምን እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ፤ የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።»

«ከዳሽኝ ማለት ነው።»

«አብሬሽ እገባለሁ» አለች ሚጢ። «እንደዛን ጊዜ እጅሽን እይዛለሁ። ‹የኔ ነው› የምትይው ግን አንቺ ነሽ።»

ቃሪያ ጀርባዋን ሰጥታት ወደ መውጫው በር ሄደች። ድሮ ቃሪያ ስታኮርፍ ሚጢ ተከትላ ትሮጥና ትለማመጣት ነበር። አሁንም እግሯ ተነሳ፤ ግን መለሰችው። ሄዳ አሮጌው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ቃሪያ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። አልወጣችም፤ አልዞረችምም።

ሚጢ ከጎኗ ያለውን ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ቦታውን ለቀቀችላት።